ሩብ ዙር የካቢኔ ቁልፍ፦ የትኛው እጀታ ይሻላል?

ላሜራ_ቃሊቲ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ቃሊቲ አካባቢ ትንሽ የላሜራ ሥራ አለችኝ። የኤሌክትሪክ ፓኔል ካቢኔ፣ የጀነሬተር ከቨር፣ የዕቃ ሳጥን እንሠራለን። አሁን አዳማ ላለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ 24 ካቢኔ ታዘናል። 20ዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ 600 በ400። 4ቱ ደግሞ ቁመታቸው 1800፣ ወርዳቸው 800 ነው። ላሜራው 1.5 ሚሜ። በዚያ ላይ ውጭ የሚቆም የጀነሬተር ከቨር አለ።

ጭንቀቴ ቁልፉ ነው። አምና ለሌላ ደንበኛ በሠራናቸው ካቢኔዎች ላይ ያችን ሩብ ዙር የምትዞር ቁልፍ ነበር የገጠምነው። በ5 ወሩ ደውሎ አስጠራኝ። ሄጄ ሳይ፣ ግማሹ በር ላይ ቁልፉ ከነአካሉ ይዞራል። ከበሩ ጀርባ ፍሬሙን የሚነክሰው ምላሱ ብቻ አይደለም፣ ሙሉው! በሩን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ቋ ቋ ይላል። ውስጥ ብሬከሮቹ ላይ አቧራው ስም ይጻፍበታል። አፈርኩ ነው የምላችሁ።

መርካቶ ስጠይቅ አንዱ "ሁሉም ያው ነው፣ ቀለም ምረጥ" አለኝ። ሌላው ስቴንለሱን ካልወሰድክ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ባለ ክንፍ እጀታ አለ፣ የኤል ቅርጽ ያለው አለ፣ በሦስት ማዕዘን ቁልፍ የሚከፈት አለ፣ ባለ ቁልፍ አለ። እናንተ የትኛውን እጀታ ትመክሩኛላችሁ?


ጥገና_ኮምቦልቻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ወንድሜ፣ እጀታውን ለጊዜው ተወው። እጀታው ከውጭ የሚታየው ነው። ሥራውን የሚሠራው ከበሩ ጀርባ ያለው ምላስ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በሩ ተዘግቶ፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ ሊጨመቅ የሚገባውን ያህል ተጨምቆ፣ ከበሩ ላሜራ እስከ ፍሬሙ ከንፈር ጀርባ ድረስ ስንት ሚሊ ነው? ምላሱ የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ሳታውቅ ቁልፍ መግዛት፣ የእግርህን ቁጥር ሳታውቅ ጫማ እንደመግዛት ነው።


ላሜራ_ቃሊቲ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

እውነቱን ልናገር? ለክተን አናውቅም። ቁልፉ ይመጣል፣ ምላሱ ካልደረሰ ወይም ፍሬሙን ከገጨ ሞርሳ ላይ አስረን በመዶሻ እናጥፈዋለን። ልጆቹ ለምደውታል፣ አንዱን በደቂቃ ይጨርሱታል።


ጥገና_ኮምቦልቻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

በሽታው ተገኘ 😀

ነገ ጠዋት አሮጌዎቹን አምስት ምላሶች ፈትተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና ለካቸው። ከዚያ እናውራ።


ብረት_ወዳጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ለምን ታካብዳላችሁ? ስቴንለስ ግዛና ገላግለው። አይዝግ፣ አይሰበር። ደንበኛውም ሲያብለጨልጭ አይቶ ደስ ይለዋል።


አፍዴራ_ነበርኩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ስቴንለስ የት እንደሚያስፈልግ እኔ ልንገራችሁ። አፋር ውስጥ ጨው ምርት ላይ 2 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የፓምፕ ካቢኔዎቹ ክሮም የተቀባ የዚንክ ቁልፍ ነበራቸው። ሲመጡ እንደ መስታወት ናቸው። ጥቂት ወር ሳይሞላ ክሮሙ ቆዳው እንደ ቀይ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ዚንክ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፣ እንዲህ ነጭ ሆኖ ነው የሚበላው። ከዚያ ምላሱ ካንገቱ ጋር ይጣበቃል። አንዱን ልከፍት በፒንሳ ስጠመዝዘው እጀታው እጄ ላይ ቀረ።

እዚያ ስቴንለስ ግድ ነው። ለዚያውም 304 የሚሉት ጨው ባለበት ቦታ ነጠብጣብ ያወጣል። ጨውን የሚቋቋመው 316 ነው፣ ሞሊብዲነም ስላለበት። አዳማ ላይ በጣሪያ ሥር ለሚቆም ደረቅ ካቢኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ደህና የዚንክ ቁልፍ ይበቃዋል። ገንዘብህን ለጎማውና ለምላሱ አውለው።

ደግሞ ስቴንለስ ስትገዛ ማግኔት ይዘህ ሂድ የሚሉህ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ዚንክንም ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ "አልያዘውም፣ ስቴንለስ ነው" ብለህ እንዳትሸወድ። እኔ የማይታየውን ሆድ ዕቃውን በሞረድ ጫር አደርገዋለሁ። ዚንክ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፋቃል። ማግኔቱን ለምላሱ ተጠቀምበት። ብዙ ጊዜ እጀታው ስቴንለስ ሆኖ ምላሱ ተራ ብረት ነው፣ ያኔ ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከውጭ ሙሽራ፣ ከውስጥ ዝገት።


ላሜራ_ቃሊቲ
ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:20

ለካሁ። ከፎቶው ይልቅ ቁጥሩን ልጻፍላችሁ።

ከበሩ የውጭ ገጽ እስከ ፍሬሙ ከንፈር ጀርባ፣ ጎማው ሲጨመቅ፣ 22 ሚሜ ነው። የገዛነው ቁልፍ ቀጥ ያለ ምላስ ያለው ነው፣ 18 ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ፍሬሙን ይገጨዋል። ልጆቹ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፉት። አምስቱን ስለካቸው፦ 23፣ 25፣ 24፣ 26 ተኩል፣ 23 ተኩል። 22 የሆነ አንድም የለም።

እንግዲህ ምላሱ ፍሬሙን አይነካውም ማለት ነው። ምላሱ በሩን እንዳይከፈት አገተው እንጂ ወደ ጎማው አልሳበውም። 26 ተኩሉ ላይ 4 ሚሊ ተኩል ክፍተት አለ። ትንሽ ጣት ሊገባ ምን ቀረው!


ጥገና_ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15

ጎበዝ። አሁን ገዝተህ መግጠም ትችላለህ። ምላስ ለብቻው ይሸጣል፣ ቀጥ ያለም አስቀድሞ የታጠፈም። ብዙ ጊዜ እጥፋቱ በ2 ሚሊ በ2 ሚሊ ልዩነት ነው የሚመጣው። ያንተ 18 ላይ የሚቀመጥ ከሆነ 4 ሚሊ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስታዝ 22 ላይ ያርፋል። መዶሻውን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው።

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ካታሎጉ ከየት ጀምሮ እንደሚለካ ሥዕሉን እየው። አንዳንዱ ከበሩ የውጭ ገጽ ይለካል፣ አንዳንዱ ከውስጥ። ያንተ ላሜራ 1.5 ስለሆነ ሳታይ ካዘዝክ ሚሊ ተኩል ትስታለህ። ሚሊ ተኩል ደግሞ በጎማ ላይ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ የምላሱ ጫፍ ትንሽ ሸርተት ያለ ይሁን። ሲዞር ፍሬሙ ላይ ቀስ እያለ እንዲወጣ። ጫፉ ድፍን ቀጥ ካለ ወይ ይገጫል ወይ ቀለሙን ይፍቃል።


ጋሽ_ትራፓኖ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ልጄ፣ የምላሱን ነገር ደህና ነግረውሃል። ግን ቁልፉ ከነአካሉ ይዞራል ያልከውን ማንም አላነሳልህም። እሱ ከምላሱ አይደለም። ቀዳዳውን በምንድን ነው የበሳችሁት?


ላሜራ_ቃሊቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:44

ጋሼ፣ በ22 ክብ መብሻ ነው። ከዚያ ትንሽ ሞረድ እናደርገዋለን፣ እንዲገባ።


ጋሽ_ትራፓኖ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:08

በል ይኸው ነው። የቁልፉን አንገት ገልብጠህ እየው። ድፍን ክብ አይደለም። ግራና ቀኙ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይምሰልህ። ቀዳዳውም እንደሱ ሁለት ጠፍጣፋ ጎን እንዲኖረው ነው። የተለመደው ልክ በአንድ በኩል 22.5፣ በጠፍጣፋው በኩል 20.1 ነው። ጠፍጣፋው ጠፍጣፋውን ሲገጥም አንገቱ መዞሪያ ያጣል።

አንተ ሙሉ ክብ አድርገህ ስትበሳው፣ ቁልፉን ከመዞር የሚያግደው የዳዶው ጥብቀት ብቻ ነው። ሰውየው በቀን 10 ጊዜ ሲከፍት ሲዘጋ ዳዶው ይላላል። ያኔ እጀታው ሲዞር አካሉም ከምላሱ ጋር አብሮ ይዞራል። ምርጥ የሚባለውን ስቴንለስ ብታስገባበትም ያው ነው።

እኛ በወጣትነታችን ሌዘር የሚባል አልነበረም። በ20 እንበሳና ላይና ታቹን በግማሽ ክብ ሞረድ እስከ 22.5 እናሰፋው ነበር። ጎኖቹን አንነካም። አንዱ ቀዳዳ አንድ ሲጋራ ይፈጃል እንል ነበር። አንተ 24 ካቢኔ ስለሆነ ላሜራውን ሲቆርጡልህ ቀዳዳውንም በሌዘር አስቆርጠው። ቀለም የሚቀባ ከሆነ የቀለሙን ውፍረት አስብ፣ ዱቄት ቀለም ቀዳዳ ያጠባል።

ጥርስ ያለው ዳዶ ብታገኝ ደግሞ ተጠቀም፣ ላሜራውን ነክሶ ይይዛል።


ላሜራ_ቃሊቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ያ ጠፍጣፋ ጎን በፋብሪካ ስህተት የመጣ ይመስለኝ ነበር 🙈


ብረት_ወዳጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

እኔም። ማንም እንዳይሰማ።


ፓኔል_ኢንጂነር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን ዱቄት ፋብሪካ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የዱቄት አቧራ ይቀጣጠላል። አየር ላይ በዝቶ ሲንሳፈፍ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ ካቢኔዎቹ የት እንደሚቆሙ ደንበኛውን ጠይቀው። ወፍጮው ክፍል ውስጥ አቧራው የሚጨስበት ቦታ ከሆነ፣ ጥሩ ቁልፍ መፍትሔ አይሆንም። ለዚያ ቦታ ተብሎ የተፈተነ ልዩ ካቢኔ ነው የሚያስፈልገው። ብችል እኔ ከክፍሉ ውጭ ባለ ግድግዳ ላይ አስቆመው ነበር።

ስለ እጀታው ደግሞ፦ ባለ ክንፍና ባለ ኤል እጀታውን ለፓኔል እርሳው። ማንም በእጁ ይከፍተዋል። ውስጡ 380 ቮልት አለ። የማሽን ኤሌክትሪክ ደረጃው፣ አይኢሲ 60204-1፣ ከጀርባው በእጅ ሊነካ የሚችል ኤሌክትሪክ ያለበት በር በመሣሪያ ወይም በቁልፍ እንዲከፈት፣ አለዚያ ሲከፈት መብራቱን የሚያጠፋ ነገር እንዲኖረው ነው የሚጠይቀው። ክንፉን የአየር ማጣሪያ በር ላይ፣ የዕቃ ሳጥን ላይ አድርገው። ለፓኔሉ በካቻቢቴ የሚዞረውንም አልወድም። ሰው በ1 ብር ሳንቲም ይከፍተዋል።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቼክ ሳደርግ ፓኔሉን ስከፍት ከኮንታክተሮቹ በታች የምሳ ዕቃ አገኘሁ። በፌስታል ተጠቅልሎ። "ውስጡ ሞቅ ይላል፣ ምሳችን አይቀዘቅዝም" አሉኝ፣ ምንም ሳይደብራቸው። ሽሮ ነበር 😅 ከዚያ ቀን ጀምሮ 7 ወይም 8 ሚሊ ሦስት ማዕዘን፣ ወይም በልዩ መፍቻ የምትከፈተውን ባለ ሁለት ጥርስ 3 ሚሊ ቁልፍ ነው የማዘው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። የጥገናው ልጅ ኪሱ ውስጥ አራት ቁልፍ ካንጠለጠልክበት በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ክፍት ይተዋቸዋል።


ጥገና_ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

የምሳ ዕቃውን ነገር እኛ ጋም አውቀዋለሁ። ስም አልጠራም።


ላሜራ_ቃሊቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

እህቴ አመሰግናለሁ። ጠየቅኳቸው፣ ከወፍጮው ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚቆሙት። ተመስገን። ደንበኛው ግን "አይፒ 65 ይሁን" ብሎኛል። ቁልፉ ላይ 65 ተብሎ ተጽፏል። ይበቃል አይደል?


ፓኔል_ኢንጂነር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:35

አይበቃም። ቁልፉ ላይ የተጻፈው የቁልፉ ነው እንጂ የካቢኔው አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር አቧራ ነው፤ 6 ማለት ጭራሽ አይገባም፣ 5 ማለት ትንሽ ቢገባም ሥራ አያበላሽም። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ 5 ማለት በቱቦ የሚረጭ ውሃ ይችላል። ካቢኔው ያን ቁጥር የሚያገኘው ጎማው ዙሪያውን ሳይቋረጥ ሲጨመቅ፣ የኬብል መግቢያዎቹ በግላንድ ሲታሸጉ፣ የቁልፉም ቀዳዳ ሲታሸግ ነው። ስለ ቁልፉ ቀዳዳ ሰው ይረሳል። ከአንገቱ ሥር ጎማ፣ ከውስጥ ደግሞ ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የጎማ ቀለበት፣ ያለው ካልሆነ ራሱ ቁልፉ የአቧራ መግቢያ ነው።

አንድ ርካሽ ፈተና አለ። የደረሰኝ ወረቀት ቀጭን አድርገህ ቅደድ። በሩን ወረቀቱ ላይ ዝጋና ሳብ። ጎትቶ በግድ ከወጣ ጎማው ይዟል። እንደ ቅቤ ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ አቧራ ይገባል። ዙሪያውን በየ10 ሳንቲው ሞክረው። ይህ የ65 ፈተና አይደለም፣ ግን ደንበኛው ከመሳቁ በፊት አንተ ታውቃለህ።

በሩ ላይ በተን ወይም መብራት ካለ ደግሞ ለበሩ የራሱን የመሬት ገመድ ስጠው። ማጠፊያውም ቁልፉም የመሬት ገመድ አይደሉም። ቀለም የተቀባ ነው ሁሉም።


ላሜራ_ቃሊቲ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

የወረቀቱን ፈተና ጊቢ ውስጥ በቀረ አንድ ባለ 1800 ካቢኔ ላይ ሞከርኩት። ቁልፎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ያዘ። ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፣ ላይና ታች። መሃል ላይ ግን ወረቀቱ ወደቀ። ሳብ እንኳ አላደረግኩትም፣ በራሱ ወደቀ! በሩን ከጎን ሳየው መሃሉ እንደ ቀስት ወጣ ብሏል።


ሻርጃ_ያለው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

ከሻርጃ ሰላም ብያለሁ። እዚህ የጀነሬተር ከቨር ነው ውሎ አዳሬ።

ለረጅሙ በር ሩብ ዙር ቁልፍ መደርደር አያዋጣም። ሦስት አራት ብታደርግ ሰው ሁለቱን ዘግቶ ሌላውን ይተወዋል፣ የሰው ጠባይ ነው። ባለ ዘንግ እጀታ ግባ። አንዱን እጀታ ስታዞር መሃል ላይ ምላሱ ይይዛል፣ ሁለት ዘንጎች ደግሞ ላይና ታች ፍሬሙን ይይዛሉ። በአንድ እጅ ሦስት ቦታ። የዘንጎቹ ጫፍ ላይ ፕላስቲክ ወይም ሮለር ያለው ይሁን፣ አለዚያ ፍሬሙን ይበሉታል። የበሩንም ጠርዝ አንድ ጊዜ ተጨማሪ እጠፈው። 1.5 ላሜራ ለ1800 ቁመት ብቻውን ለስላሳ ነው።

ጀነሬተሩ ላይ ግን ተራውን ሩብ ዙር እንዳትገጥም። ጀነሬተር ሌሊትና ቀን ይንቀጠቀጣል። ተራው ቁልፍ ምላሱ ባለበት ቁመት ነው የሚቆመው፣ ጎማው ከጊዜ ጋር ሲቀጥን ክፍተቱን አይከተለውም። በሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ምላሱ በራሱ ይዞራል፣ አንድ ቀን በሩ ይከፈታል። እዚህ መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ በሩ የተከፈተ አይቻለሁ፣ አውራ ጎዳና ላይ! ጎትቶ የሚያጠብቅ ዓይነት አለ። የመጀመሪያው 90 ዲግሪ ምላሱን ያዞረዋል፣ ቀጣዩ 90 ደግሞ ሳይዞር ወደ ውጭ ይስበዋል፣ 6 ሚሊ ያህል። ጎማው ላይ ጭኖ ስለሚቆም አይንቀጠቀጥም። ውድ ነው፣ ግን ለከቨሩ ስንት በር ቢኖረው ነው?

ጎማውንም ኢፒዲኤም የሚባለውን ዓይነት አድርገው። ያ ተራ ስፖንጅ ፀሐይ ላይ በዓመቱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ናፍጣና ዘይት በሚነካው ቦታ ግን ኢፒዲኤም አይወድም፣ ያብጣል። እዚያ ኒዮፕሪን ይሻላል።


ጋሽ_ትራፓኖ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ይህ ልጅ ያወቀ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ውጭ ለሚቆመው የጓንጉላ ቁልፍ ማስገቢያ ያለው እጀታ ይሁን። ሦስት ማዕዘን ቁልፍ ሠራተኛን እንጂ ሌባን አይከለክልም።


ላሜራ_ቃሊቲ
ከ5 ሳምንት በኋላ

እንዴት ከረማችሁ። ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ቀዳዳውን በሌዘር አስቆረጥኩ፣ 22.5 በ20.1። በመጀመሪያው ዙር ከቀለም በኋላ ቁልፉ አልገባ ብሎ ነበር፣ ጋሼ እንዳሉት። ቀዳዳዎቹን በቴፕ ሸፍነን እንደገና ቀባን። ለትንንሾቹ የዚንክ ቁልፍ፣ ባለ 8 ሦስት ማዕዘን፣ 4 ሚሊ የታጠፈ ምላስ። ምላሱን መርካቶ አላገኘሁትም፣ ከውጭ አስመጣሁ፣ 3 ሳምንት ወሰደብኝ። ልጆቹ የመጀመሪያውን በር ሲዘጉ ድምፁ ተለወጠ። ቋ የሚለው ጠፍቶ ድፍን ያለ "ዱም" ሆነ። አንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው፣ ዝም ብሎ ለመስማት።

ረጃጅሞቹ ላይ ባለ ዘንግ ገጠምኩ። ወረቀቱ ዙሪያውን ያዘ። አንዱ ላይ ብቻ በማጠፊያው በኩል ታች ላይ ሾለከ፣ ማጠፊያውን በሮንዴላ አስተካከልነው። ጀነሬተሩም ላይ ጎትቶ የሚያጠብቀው ነው ያለው። ደንበኛው ዋጋውን ሲሰማ አጉረምርሟል፣ ግን ከፍሏል። ለአምናው ደንበኛም ምላሶቹን በነፃ ልቀይርለት ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ካስረከብኩ ገና 9 ቀኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ከፋብሪካው ደውለው "ያቺ ሦስት ማዕዘኗ ቁልፍ ጠፋችብን፣ ሌላ አለህ ወይ?" አሉኝ። 4 ነበር የሰጠኋቸው።


ፓኔል_ኢንጂነር
ከምሽቱ 1:15

በፒንሳ ሳይሞክሩት ቶሎ ላክላቸው።


ላሜራ_ቃሊቲ
ከምሽቱ 1:18

ሞክረውታል።